ከቦይለሩ በፊት ውሃው

የድሬዳዋን ታይዋን ገበያ የለመደ ሰው ዕቃ ማሠራት አይወድም። የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያው ሲቃጠል፣ የእንፋሎት ካውያው ቀዳዳዎች ሲደፈኑ ፈትቶ የሚያይ ብዙ የለም። ሱቆቹ እዚያው ናቸው፤ ዋጋ ተከራክሮ ሌላ ይዞ መመለስ ነው። «አቦ ተወው፣ አዲስ ግዛ!» ይላል የድሬ ልጅ። በካውያ ደረጃ ልክ ሊሆን ይችላል። ነገሩ የሚከፋው ይኸው ጠባይ ከገበያው ወጥቶ ፋብሪካ ሲገባ ነው። እንፋሎቱ ደከመ፣ የተርባይኑ ጉልበት ቀነሰ፣ የሱፐርሂተሩ ቱቦ ፈነዳ በተባለ ቁጥር የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ቦይለሩ አርጅቷል፣ አዲስ ይምጣ፣ የሚመጣውም ከዚህኛው ይበልጥ የሚያግል ይሁን።» ይህ አስተያየት ከጥገና ክፍል ተነስቶ እስከ ሥራ አመራር ቦርድ ሲጓዝ በመንገዱ ላይ የሚጠይቀው አያገኝም። የጠየቀ ሰው ቢገኝም ዘመናዊ ነገር የማይወድ ተብሎ ይታለፋል።

እኔ ግን እጠይቃለሁ። ጥሩ የጋለ እንፋሎት ለማግኘት የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛው የሚፈሰው ችግሩ በሌለበት ቦታ ነው። እንፋሎት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ቦይለሩ በሚጠጣው ውሃ፣ በአነሳሱና በአጠባበቁ ነው። ውሃው ሳይታከም የተገዛ አዲስ ቦይለር ከአሮጌው ረጅም ዕድሜ አይኖረውም፤ ይበልጥ የሚያግል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይቀድመዋል።

ከሥሩ ልጀምር። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ በ96 ዲግሪ አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግፊት ሲጨምር የመፍያው ሙቀትም ይጨምራል፤ ዝግ ቦይለር ውስጥ 10 ባር ሲደርስ ውሃው የሚፈላው በ180 ዲግሪ ነው። ከውሃው ላይ የሚነሳው እንፋሎትም ያው 180 ዲግሪ ነው፤ ጥቂት ሙቀት ቢያጣ ወዲያው ወደ ጠብታ ይመለሳል። ይህን ባለሙያዎች ሳቹሬትድ እንፋሎት ይሉታል። እንፋሎቱ ከውሃው ከሚለይበት ከበሮ ወጥቶ፣ ውሃ በሌለበት ሌላ የቱቦ ጥቅል (ሱፐርሂተር) ውስጥ ሲያልፍና በምድጃው ጭስ እንደገና ሲግል ደግሞ ሱፐርሂትድ ይሆናል። ደረቅ ነው፣ አይታይም፣ ከመፍያው ሙቀት በላይ ስለሆነ መንገድ ላይ ጥቂት ቢቀዘቅዝም ጠብታ አይሆንም። ተርባይን የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ርጥብ እንፋሎት በከፍተኛ ፍጥነት የተርባይኑን ምላጮች ሲመታ ብረቱን እየበላ ይሄዳል።

ድሬዳዋ ለዚህ ወሬ እንግዳ አይደለችም። ከተማዋን የወለዳት እንፋሎት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 እ.ኤ.አ. ቆየ። ናፍጣ ሎኮሞቲቮች በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. እስኪተኳቸው ድረስ ባቡሮቹን ይጎትት የነበረው የሚፈላ ውሃ ነው። ሐዲዱ በሚያቋርጠው በረሃ ውስጥ ደግሞ ትልቁ ራስ ምታት ውሃው ራሱ ነበር። ሎኮሞቲቭ የተጠቀመበትን እንፋሎት በጭስ ማውጫው ይተፋዋል፣ መልሶ አይጠጣውም፤ ስለዚህ በየተወሰነ ርቀት ውሃ ካላገኘ መንገድ ላይ ይቆማል።

ሐዲዱ ወደ ድሬዳዋ እየተዘረጋ በነበረባቸው ዓመታት ቪልሄልም ሽሚት የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ሱፐርሂተርን ለሎኮሞቲቭ የሚሆን አድርጎ አወጣው። በ1898 እ.ኤ.አ. በፕሩሲያ ሐዲዶች ላይ ተሞከረ። ውጤቱ ጉድ የሚያሰኝ ነበር፤ ከድንጋይ ከሰሉ ከአምስት አንድ እስከ ሩብ ገደማ፣ ከውሃውም ከዚያ ያላነሰ ቀረ። የዛሬዎቹ «ይበልጥ የሚያግል» ባዮች ይህን ታሪክ ቢያውቁ ለክርክራቸው በጠቀሱት ነበር። ግን ቀጣዩንም ምዕራፍ ማንበብ አለባቸው። እንፋሎቱ ሲግል ሲሊንደሩን የሚያለሰልሰው የቀድሞው ዘይት ተቃጠለ፤ ሙቀት የሚችል የማዕድን ዘይት መገኘት ነበረበት። ጠፍጣፋዎቹ ቫልቮች ደርቀው ተፋፋቁ፤ በፒስተን ቫልቭ መተካት ነበረባቸው። ማሸጊያው፣ ቅባቱ፣ የነጂው ልምድ ሁሉ ተለወጠ። ሽሚት ያሸነፈው ሙቀቱን ስለጨመረ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ሎኮሞቲቮቹ ጋራዥ ውስጥ በቀሩ ነበር። ያሸነፈው ለአዲሱ ሙቀት በዙሪያው ያለው ሁሉ እስኪዘጋጅ ድረስ ስለታገሠ ነው። እኛ ጋ የሚጎድለውም ያ ትዕግሥት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት እንግባ። «የጋለ ሁሉ ይሻላል» የሚለው እምነት ተርባይን ለሌለው ፋብሪካ ጭራሽ የተገለበጠ ነው። ጨርቅ ማቅለሚያ ገንዳ፣ የሳሙና ድስት፣ የወተት ማፍያ፣ የምግብ ፋብሪካ ማብሰያ፣ እነዚህ ሁሉ እንፋሎትን የሚፈልጉት ወደ ውሃ ሲመለስ ለሚለቀው ሙቀት ነው። በ10 ባር አንድ ኪሎ ሳቹሬትድ እንፋሎት ወደ ውሃ ሲመለስ 2,000 ኪሎጁል ገደማ ይለቃል። ያንኑ አንድ ኪሎ በ100 ዲግሪ ተጨማሪ ብታግለው የምትጨምርለት 230 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ነው። ያቺን ትርፍ ለማውጣት ደግሞ እንፋሎቱ እንደ ደረቅ አየር ሆኖ ብረቱን እየዳሰሰ በዝግታ መቀዝቀዝ አለበት። ሳቹሬትድ እንፋሎት ብረቱ ላይ ወዲያው ጠል ሆኖ ሙቀቱን ባንዴ ሲያራግፍ፣ የጋለው ገና ይሞዳሞዳል። ስለዚህ ገንዳው ቶሎ እንዲፈላለት ብሎ እንፋሎቱን ከልክ በላይ ያገለ ፋብሪካ ገንዳው ዘግይቶ ሲፈላ ያያል። ከዚያም «ቦይለሩ ደከመ» ይላል።

ይህን የሚጠራጠር ሰው ሆስፒታል ይሂድ። ድል ጮራም ሆነ ሌላ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚያመክንበት አውቶክሌቭ የሚሠራው በሳቹሬትድ እንፋሎት ነው፤ በ121 ዲግሪ ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። በደረቅ ሙቀት ለማምከን ግን 160 ዲግሪ ሙቀትና ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል። አውቶክሌቩ ውስጥ የገባው እንፋሎት ከልክ በላይ የጋለ ከሆነ ጌጁ ላይ ሙቀቱ ከፍ ብሎ እየታየ መሣሪያው ግን ላይመክን ይችላል፤ ደረቅ ሙቀት ሆኗላ። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደነግጥ ማስረጃ ለማንም አልፈልግም።

በስኳር ፋብሪካ ሁለቱም ጉዳይ ባንድ ግቢ ይገናኛል። ወንጂ በ1954 እ.ኤ.አ. ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ የአገሪቱ ስኳር ፋብሪካዎች አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ባጋስ እያነደዱ እንፋሎት ያመርታሉ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መሀል ያለው መተሐራም እንዲሁ። እንፋሎቱ ሁለት ሥራ አለው፤ መጀመሪያ ተርባይን አዙሮ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ ከዚያ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ወደ ጭማቂ ማፍያዎቹና ማትነኛዎቹ ይሄዳል። ለመጀመሪያው ሥራ መጋል አለበት። ለሁለተኛው ሥራ ሲደርስ ግን ትርፉን ሙቀት አውልቆ ሳቹሬትድ ሊሆን ይገባዋል፤ ካልሆነ ጥሩ ውሃ ተረጭቶበት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ ላይ፣ «ይበልጥ የሚያግል» የሚለው መፈክር እስከ ተርባይኑ ድረስ ብቻ ይሠራል።

እሺ፣ ተርባይን አለ እንበል፤ መጋል የግድ ነው እንበል። ታዲያ የጋለው እንፋሎት ለምን ይከዳል? እዚህ ላይ አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ቃል በቃል ይሠራል። የድሬዳዋ ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፤ ጉድጓዶቹም ያሉት በኖራ ድንጋይ አገር ነው። ያው የኖራ ድንጋይ ነው ከተማዋን የሲሚንቶ ከተማ ያደረጋት። ሲሚንቶ ፋብሪካው በመዶሻ የሚያወጣውን ኖራ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ቀስ እያለ አሟሙቶ ያመጣዋል። ሳሙና አረፋ አልይዝ የሚለው፣ ማፍያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገረው፣ የካውያው ቀዳዳ የሚደፈነው በዚሁ ነው። ታይዋን የሚሸጠው ካውያ ጥፋት የለበትም፤ ውሃው ነው የገደለው። ያንኑ ውሃ ቦይለር ውስጥ ብታፈላው ቅርፊቱ በየቱቦው ላይ ይጋገራል፤ ሙቀት በማስተላለፍ ከብረት በአሥሮች እጥፍ ያነሰ ስለሆነም እሳቱ እየነደደ ውሃው አይሞቅም፤ ብረቱ ብቻ ይቀላል።

«እኛ ማለስለሻ አለን» የሚል ይኖራል። ጥሩ፤ ማለስለሻው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ወስዶ በምትኩ ሶዲየም ይሰጣል፤ የሚታደሰውም በተራ ጨው ነው። ጨው ደግሞ ለአፋር ጎረቤት ለሆነች ከተማ ብርቅ አይደለም፣ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። ይህ ሁሉ ሆኖ ማለስለሻው ሊሟጠጥ ሲደርስ ሳይታደስ የሚቀርባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ግን ታደሰ እንበል። ማለስለሻው ጠንካራውን ጨው በለስላሳ ጨው ለወጠው እንጂ ጨው ከውሃው አላወጣም። ከኖራ ድንጋይ አገር የመጣ ውሃ ባይካርቦኔት የበዛበት ነው፤ ያ ባይካርቦኔት ቦይለሩ ውስጥ ሲሞቅ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ኮስቲክ ሆኖ ከበሮው ውስጥ ይቀራል፣ ውሃውንም አረፋ ያስይዘዋል። ሌላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፤ ፋብሪካው ውስጥ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ሲመለስ አሲድ ይሆንና የመመለሻ ቧንቧዎቹን ከውስጥ ይበላል። ብዙ ሰው ቧንቧው በጥራት ጉድለት የተበሳ ይመስለዋል። ሻጩ ይወቀሳል፤ ሌላ ቧንቧ ይገዛል።

ሱፐርሂተሩን የሚገድለው ያ አረፋ ነው። ሲሞላና ሲፈነዳ ጠብታዎቹ ከእንፋሎቱ ጋር ተይዘው ከከበሮው ይወጣሉ። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በሰዓት 10 ቶን እንፋሎት የሚያመርት ቦይለር አለን፤ ከሚወጣው መቶኛው እጅ ብቻ ጠብታ ነው እንበል። ያ በሰዓት 100 ኪሎ የከበሮ ውሃ ነው። ከበሮው ውስጥ በሊትር 3,500 ሚሊግራም ጨው ካለ፣ በሰዓት 350 ግራም ጨው ወደ ሱፐርሂተሩ ይገባል። በቀን ከ8 ኪሎ በላይ! ጠብታው ሱፐርሂተሩ ውስጥ ደርቆ ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። ጥቂቱ ቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሌላው እስከ ተርባይኑ ምላጭ ይጓዛል። ተርባይኑ ጉልበቱ የቀነሰው፣ ቱቦው የፈነዳው፣ እንፋሎቱ በሚፈለገው ሙቀት አልደርስ ያለው፣ ሦስቱም ከዚህች አንድ ጥፋት ሊመጡ ይችላሉ። ሦስት የጥገና ሪፖርት ይጻፍባቸዋል፤ የሦስቱም መደምደሚያ ቦይለሩ አርጅቷል የሚል ነው።

ሱፐርሂተር ምን ያህል ጠባብ ኑሮ እንደሚኖር የሚያስተውል ጥቂት ነው። ከውጭ የሚያልፈው ጭስ 800፣ 900 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ተራ ብረት ደግሞ ከ450 ዲግሪ አካባቢ በላይ ለዓመታት ግፊት ተሸክሞ አይቆይም። ታዲያ በምን ተረፈ? ውስጡ የሚያልፈው እንፋሎት ራሱ ስለሚያቀዘቅዘው። ከእንፋሎቱና ከብረቱ መሀል እንደ ወረቀት የሳሳች የጨው ንጣፍ ከገባች ማቀዝቀዣው ተቆረጠ ማለት ነው። የብረቱ ሙቀት ጥቂት አሥር ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ማንም አያየውም፣ ጌጁ የሚለካው የእንፋሎቱን ሙቀት እንጂ የብረቱን አይደለምና። ለብዙ ዓመት ታስቦ የተሠራ ቱቦ ግን በጥቂት ወራት ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈነዳል። የተቆረጠውን ቱቦ ለሁለት ሰንጥቆ ውስጡን ማየት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ነጭ ቅርፊት ከተገኘ ፍርዱ ተሰጠ። ይህን ሳያደርግ አዲስ ቱቦ የበየደ ፋብሪካ ቀጣዩን ፍንዳታ ቀጥሯል።

እዚህ ላይ ነዳጅ ቆጣቢዎቹን ማንሳት ያስፈልጋል፤ ጥፋታቸው በቅንነት ስለሆነ ይበልጥ ያሳዝናል። ከበሮው ውስጥ ጨው ሲጠራቀም ከታች ውሃ እየለቀቁ ማቅለል የቦይለር ኦፕሬተር የዘወትር ሥራ ነው፤ ብሎውዳውን ይሉታል። የሚለቀቀው ውሃ የፈላ ስለሆነ ነዳጅ የተቃጠለበት ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲንር «ብሎውዳውን ይቀነስ» የሚል ትእዛዝ ይወርዳል። በወሩ መጨረሻ የነዳጅ ወጪ ትንሽ ይቀንሳል፤ ሪፖርቱ ያምራል። ጨው ግን ከበሮው ውስጥ ይጨምራል፣ አረፋው ይነሳል፣ ሱፐርሂተሩ ይከፍላል። ነዳጁ የተቆጠበው በአንዱ በጀት ነው፤ ቱቦው የሚገዛው በሌላ በጀት ነው። ማንም አያገናኛቸውም።

አሁን የተቃራኒዬን ጠንካራ ክርክር ልስጠው፤ ጠንካራ ነውና። «ዓለም ወደ ከፍተኛ ግፊትና ሙቀት እየሄደ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። ብዙ የቆዩ ስኳር ፋብሪካዎች በ21 ባር ግፊትና በ340 ዲግሪ ገደማ ይሠሩ ነበር። በህንድ የተተከሉት አዳዲሶቹ 67 ባርና 485 ዲግሪ፣ ሌሎቹ 87 ባርና 515 ዲግሪ ናቸው። ከተመሳሳይ መጠን ባጋስ የሚያገኙት ኤሌክትሪክ በብዙ ይበልጣል፤ ትርፉን ለኤሌክትሪክ መረብ ይሸጡታል። ኤሌክትሪክ ለመሸጥ ለሚያስብ የኢትዮጵያ ስኳር ፋብሪካ ይህ መንገድ የሚናቅ አይደለም። እኔም አልንቀውም።

ግን ይህ ክርክር የኔን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ግፊት ሲጨምር የቦይለሩ ትዕግሥት ይቀንሳል። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር መመሪያ እስከ 20 ባር ገደማ ለሚሠራ ቦይለር በከበሮው ውሃ ውስጥ በሊትር እስከ 150 ሚሊግራም ሲሊካ ይፈቅዳል። 67 ባር ሲደርስ የሚፈቀደው ወደ 8 ይወርዳል። ምክንያቱ ሲሊካ በከፍተኛ ግፊት ጠብታ ሳይጠብቅ ራሱ ከእንፋሎቱ ጋር ተንኖ ስለሚሄድ ነው፤ ተርባይኑ ውስጥ ግፊቱ ሲወርድ ምላጩ ላይ እንደ መስታወት ይጋገራል፤ በውሃ ታጥቦም አይለቅም። ይህን እዚህ አገር ላይ አስቡት። ከስኳር ፋብሪካዎቻችን በርካታዎቹ ያሉት በአዋሽ ሸለቆ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ አለት የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ሲሊካ ይበዛበታል። በ21 ባር ዘመን ማለስለሻና ጥሩ ኦፕሬተር ይበቃ ነበር። በ67 ባር ዘመን ጨውንም ሲሊካንም ከውሃው ጨርሶ የሚያወጣ ማጣሪያ፣ ኦክስጅን የሚያስወግድ ዲኤሬተር፣ በየፈረቃው የሚለካ ላቦራቶሪ የግድ ነው። ከአሮጌው ቦይለር ጋር መላመድ ያቃተው ሰው ከአዲሱ ጋር ምን ሊሆን ነው?

ሌላም የማይወደድ እውነት አለ፤ አንዳንዴ የጋለ እንፋሎት ማግኘት ቢቻልም አይገባም። አዲስ አበባ ቆሼ ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የረጲ ቆሻሻ ማቃጠያ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ያለበት ዘርፍ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ የዓለም ጣቢያዎች አብዛኞቹ እንፋሎታቸውን 400 ዲግሪና 40 ባር አካባቢ ያቆሙታል። ለምን? ቆሻሻ ውስጥ ፕላስቲክና የምግብ ጨው አለ፤ ሲቃጠሉ የሚወጣው ክሎሪን ያለበት ጭስ ከዚያ በላይ የጋለ ቱቦን ከውጭ በኩል ይበላዋል። መሐንዲሶቹ ኤሌክትሪኩ እንደሚያንስ እያወቁ ሙቀቱን ወሰኑት። ይህ ድክመት አይባልም፣ እውቀት ነው።

ስለ ኦፕሬተሩ ዝም ብዬ አላልፍም፤ በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ ስሙ የሚነሳው ሲያጠፋ ብቻ ነውና። ቦይለር ከቀዝቃዛ ሲነሳ ገና እንፋሎት የለም፤ እንፋሎት ከሌለ ሱፐርሂተሩን የሚያቀዘቅዘው የለም፤ እሳቱ ግን አለ። ስለዚህ የሱፐርሂተሩ መውጫ ላይ ያለው ማስተንፈሻ ቫልቭ ክፍት ሆኖ፣ እሳቱ በቀስታ እየጨመረ፣ ሰዓታት መጠበቅ አለበት። ምርት ክፍል ስልክ እየደወለ «አሁንም አልደረሰም?» በሚልበት ጥዋት ይህን የሚታገሥ ኦፕሬተር ብርቱ ሰው ነው። ማስተንፈሻውን ቶሎ የዘጋ፣ እሳቱን ያፈጠነ ሰው አንድ ሰዓት ያተርፋል፤ የቱቦውን ዕድሜ ይከፍላል። ሴፍቲ ቫልቮቹም እንዲሁ ናቸው። የሱፐርሂተሩ ቫልቭ ከከበሮው ቫልቭ ዝቅ ባለ ግፊት መከፈት አለበት፤ ተርባይኑ በድንገት ሲቆም እንፋሎቱ በሱፐርሂተሩ በኩል እንዲወጣና ቱቦዎቹን እንዲያቀዘቅዝ ነው። «ይቺኛዋ ታፈሳለች» ተብሎ ያቺን ቫልቭ ያጠበቀ ሰው አድራጎቱ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የነገረውም የለም።

የእንፋሎቱን ሙቀት ለመቆጣጠር የሚረጨው ውሃም አለ። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ በሁለት ሱፐርሂተሮች መሀል ውሃ ይረጫል፤ ወዲያው ይተናል፣ እንፋሎቱ ይበርዳል። ብልህ ዘዴ ነው። የሚረጨው ውሃ ጨው ካለበት ግን በገዛ እጅ ጨውን ቀጥታ ወደ ሱፐርሂተሩ መርጨት ነው፤ ከበሮውን፣ መለያውን፣ ማጣሪያውን ሁሉ አልፎ። አዲስ ቦይለር ከመጣ በኋላ ቱቦዎቹ በዓመቱ ሲፈነዱ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው።

እና ለምን ነው ሁሉም ሰው አዲስ ቦይለር የሚለው? ሞኝነት አይደለም። ለቦይለር ብድር ይገኛል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ምረቃ ይደረጋል፣ ሪባን ይቆረጣል። ለጨው፣ ለማለስለሻው ሬዚን፣ ለአንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ደመወዝ ሪባን የቆረጠ ሰው አላየሁም። የካፒታል በጀት የሚጠይቅ ሥራ አስኪያጅ ባለ ራእይ ይባላል፤ የኬሚካል በጀት የሚጠይቅ ደግሞ ወጪ አብዢ። ሻጩም ቢሆን ቦይለሩን በመሸጥ ነው የሚከፈለው፤ «መጀመሪያ ውሃችሁን አስተካክሉ» ብሎ ገበያውን የሚያራዝም ነጋዴ ብርቅ ነው። በዚህ ረገድ ታይዋን ይሻላል፤ እዚያ ሻጩ ቢያንስ ካውያው ለምን እንደተደፈነ ይነግርሃል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ ግን የሚፈሰው ኮንደንሴት ነው። እንፋሎቱ ሥራውን ጨርሶ ወደ ውሃ ሲመለስ የሚገኘው ውሃ ንጹሕ ነው፤ ጨው የለበትም፣ ሲሊካ የለበትም፣ 90 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ከጉድጓድ የመጣ የ25 ዲግሪ ውሃን ለማሞቅና ለማፍላት ከሚያስፈልገው ሙቀት አሥረኛው ገደማ ውስጡ አለ። ያንን ወደ ቦይለሩ መመለስ ነዳጅን ብቻ ሳይሆን ውሃውንም ይፈውሳል፤ በተመለሰ መጠን ከጉድጓድ የሚጨመረው ጠንካራ ውሃ ይቀንሳል፣ ከበሮው ውስጥ ያለው ጨው ይቀንሳል፣ አረፋው ይቀንሳል። እኛ ግን ብዙ ቦታ ወደ ቦይ እንለቀዋለን፤ ከዚያ ጉድጓድ ቆፍረን፣ በፓምፕ ስበን፣ በነዳጅ አሙቀን፣ ኖራውን ወደ ቱቦው እናስገባለን። የውሃ ጥም በሚያውቅ ከተማ ይህን ማየት ያማል።

ስለዚህ ቀጣዩን የቦይለር ግዢ የሚያዘጋጅ ክፍል ሰነዱን ከመጨረሻው ገጽ ይጀምረው። መጀመሪያ የውሃው ሙሉ ምርመራ፤ ጠንካራነቱ፣ ባይካርቦኔቱ፣ ሲሊካው፣ ጠቅላላ ጨው። ከዚያ ኮንደንሴቱ ስንት በመቶ ይመለሳል የሚለው። ከዚያ ከበሮው ውስጥ ያለው ጠብታ መለያ ምን ዓይነት እንደሆነና የሚረጨው ውሃ ከየት እንደሚመጣ። ከዚያ በሱፐርሂተሩ ቱቦዎች ላይ የሚገጠሙ የብረት ሙቀት መለኪያዎች፣ ከከበሮው በሚወጣው እንፋሎት ላይ ደግሞ ጨው የሚጠቁም የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ከቦይለሩ ዋጋ ትንሽ ክፍል ናቸው። ግፊትና ሙቀት የሚወሰነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ውሃው የሚፈቅደውን ያህል። ይህ ሲሠራ ምናልባት አሮጌው ቦይለር ቱቦዎቹ ብቻ ተለውጠው ለዓመታት ሲያገለግል ይገኝ ይሆናል። ምናልባትም እውነትም አርጅቶ መሰናበት አለበት ይባል ይሆናል፤ ያኔ በማስረጃ ይሰናበታል። ግዢው በሚቀጥለው በጀት ዓመት ከሆነ ግን የውሃው ናሙና መወሰድ ያለበት ከአሁኑ ጀምሮ ነው፤ አንዱ በበጋ፣ ሌላው ከክረምት ዝናብ በኋላ፣ የጉድጓዱ ውሃ በሁለቱ ወቅት አንድ ላይሆን ይችላልና።